ከቃሬዛው ጎን የሄደችው ሳይክል

ሳይክል የሚነዳ ሰው ይህን ሲያነብ ጉልበቱ ላይ የሚሰማው ነገር ይኖራል ብዬ አስባለሁ። የማይነዳ ደግሞ ትንሽ ይታገሰኝ። ስለ ሳይክል ብጀምርም የምደርሰው ሌላ ቦታ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ጋሽ ከድር የሚባሉ ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተቀጠርኩ። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ደብተርና እስክርቢቶ እሸጣለሁ፣ መጻፍ ለሚቸገር ሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። መጻፍ እንደምችል የገባኝም እዚያ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ከድር አንድ ሽማግሌ ስለ መሬታቸው ያስጻፉኝን ማመልከቻ አንብበው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሲያነብ የቀበሌው ሊቀመንበር ያለቅሳል እኮ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ አርፎ አያውቅም። ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ስጽፍም ደስ ይለኛል። ይህኛውን ግን ለመጀመር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ቤታችን ከሞርሲቶ መንገድ ገባ ብሎ ከወንዝ ማዶ ነው። ሳይክሏ የወንድሜ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሲነሳ፣ «ሰንሰለቷን ዘይት እንዳታስርቢያት» ብሎ ብቻ ተወልኝ። ከባድ የወንድ ሳይክል ናት፤ መሀሏ ላይ ብረት አለ። ስለዚህ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ እለብሳለሁ፤ የቀሚሱን ጫፍ ደግሞ ሰንሰለቱ እንዳይበላው ወገቤ ላይ እቋጥረዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የመንደሩ ወጣቶች «ፈረሰኛዋ መጣች» እያሉ መንገድ ይለቁልኝ ነበር፤ እንደ ክብር አድርገው ሲያሾፉብኝ ነው።

ጠዋት ጠዋት ያለውን ደስታ ልንገራችሁ። ከቤት እስከ ወንዙ ቁልቁለት ነው። ፔዳል ሳልመታ በግራና በቀኝ እንሰቱ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ቀዝቃዛው አየር እጅጌዬን ይሞላዋል፣ እንቅልፌ ከዓይኔ ላይ ይገፈፋል። ባጃጅ ጠብቂ የለ፣ ሦስት ሆነሽ ተጠጋጊ የለ። ማታ ላይ ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀኛል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎማና ጭቃ መከላከያው መሀል ገብቶ ይነክሳታል፤ በእንጨት ፍቄ አወጣለሁ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ ደግሞ እፍቃለሁ። ሰንሰለት ይወልቃል። እጄን ሳላጸዳ ሱቅ ገብቼ የሰው የትምህርት ማስረጃ ላይ የጣቴን አሻራ ያተምኩበት ቀን አለ። የታፋ መድረቅ፣ ውሻ፣ ዝናብ፤ ብቻ ብዙ ነው። ሁሉንም ችዬው ነበር። ሳይክል መንዳት ማለት ቶሎ መድረስና መድከም ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት የጣለው ኃይለኛ ዝናብ የወንዛችንን የእንጨት ድልድይ ሰብሮት፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የሚያገናኘን ጎን ለጎን የቀሩ ሁለት ግንዶች ብቻ ነበሩ። መብራትም ጠፍቶ ስለነበር የስልክ ኔትወርክ የለም። ሰው ሁሉ ስልኩን እንደ መስታወት እያየ ኪሱ ይመልሰዋል።

ከቤት ወጥቼ ትንሽ እንደነዳሁ፣ ከላይኛው መንደር የሚወርደው መንገድ የኛን መንገድ የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ሰዎች አየሁ። ቃሬዛ ተሸክመዋል። አራት ወንዶች ከሥር፣ ከፊት የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሄራሞ፣ ከኋላ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች።

በኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሬሳ ወይም በሽተኛ የተሸከሙ ሰዎች ካገኘህ፣ በበቅሎም ሁን በሳይክል ትወርዳለህ። ወንድ ከሆንክ ትከሻ ትቀይራለህ፣ ሴት ከሆንሽ አብረሽ ትሸኛለሽ። ቁጭ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ግን አውቀዋለሁ። እኔም ወረድኩ፤ የተቋጠረውን ቀሚሴን ፈታሁ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ ከቃሬዛው ጎን መሄድ ጀመርኩ።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የተነገረው በሀዲይኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ማን ናት?» አልኩ በዝግታ።

«የደሳለኝ ሚስት፣ ወርቅነሽ» አለችኝ አንዷ ሴት። «ምጥ ሌሊቱን አድሮባታል። አልወጣም አለ።»

ደሳለኝ ራሱ ከፊት በግራ በኩል ተሸክሟል። ፊቱን አላየሁትም፤ አንገቱ ላይ የቆመውን ሥር ነው ያየሁት። ወርቅነሽን አውቃታለሁ። ከኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም፤ ባለፈው ዓመት ሰርጓ ላይ ዘፍነናል። አሁን በብርድ ልብስ እስከ አገጯ ተሸፍና ዓይኗን ጨፍናለች። ከእግሯ በኩል ብርድ ልብሱ ቀልቷል።

«የት ልትወስዷት ነው?» አልኩ።

«አስፓልቱ ጋ እንውሰዳትና እግዜር መኪና ይሰጠናል» አሉ ጋሽ ሄራሞ። ወደ እኔ ዞረው የሳይክሌን እጀታ አዩና፣ «ተባረኪ ልጄ። የዘመኑ ልጅ እንዲህ አይወርድም» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፈው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ስመሰገን ደስ አለኝ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጎረምሳ እያለከለከ፣ «ፈረሰኛዋ፣ ዛሬ ፈረስሽን አንቺ ልትሸከሚው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አንተ መንገድህን እይ» አሉት ጋሽ ሄራሞ። «ከኋላ ዝቅ አድርጉ። ቀስ። ደሳለኝ፣ ትከሻ ቀይር።»

«አልቀይርም» አለ ደሳለኝ።

«ትወድቃለህ እኮ።»

«አልወድቅም አልኩ።»

ወንድ ጥቂት ነበር። ብዙው ለሥራ ከአገር ወጥቷል፤ ካለውም ከቃሬዛው ተላቆ ቀድሞ የሚሮጥ አልተረፈም። በጭቃው ላይ እግራችን እየተንሸራተተ ሄድን። ከሴቶቹ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጸልያለች። የሚሰማው ጭቃ የሚያቦካው እግራችንና፣ ሳይክል ሲገፋ ከኋላ ጎማው የሚወጣው ቅ ቅ ቅ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ጥሩ ነገር እያደረግኩ ነው ብዬ አምኜ ነበር። እርምጃዬን ከነሱ ጋር እያስተካከልኩ ረጅም መንገድ ሄድኩ።

ወርቅነሽ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች። ድምጿ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከታች ከአንድ ቦታ የመጣ ይመስላል።

«ይሄ ቅ ቅ የሚለው ምንድነው?»

ጋሽ ሄራሞ ጎንበስ አሉላት። «ሳይክል ናት፣ የኔ ልጅ። ምህረት ናት፣ ከወንዙ በላይ ያሉት ሰዎች ልጅ። ልትሸኝሽ ወርዳ ነው።»

ሕመሙ መጥቶ እስኪያልፍ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ እንደገና፣

«ሳይክሏ ተበላሽታለች?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ ለምን በእግሯ ትሄዳለች?»

ቃሬዛው ቆመ። ቁሙ ያለ ሰው አልነበረም፤ አራቱም እግራቸው እኩል ቆመ። ጋሽ ሄራሞ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳይክሏን፣ ከዚያ ከታች ወንዙንና ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት። ስትጸልይ የነበረችው ሴት እንኳ አቋረጠች። ሁላችንም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ነው ያየነው። ከመሀላችን ቶሎ ሊሄድ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም በአክብሮት ከጎናችን አስረን ይዘነው ስንሄድ ነበር።

«ሂጂ» አሉ ጋሽ ሄራሞ። «ጤና ጣቢያ። አምቡላንሱ እስከ ድልድዩ ይምጣ፤ እኛ እናሻግራታለን። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ቀሚሴን ሳልቋጥር ነው ሳይክሏ ላይ የወጣሁት።

ያን ቁልቁለት ስንቴ ወርጄዋለሁ፤ እንደዚያ ወርጄው ግን አላውቅም። ፍሬኑ በጭቃ ተለስኖ አይይዝም፣ በግራ እግሬ መሬቱን እየጫርኩ ነው የምቆጣጠራት። ወንዙ ጋ ስደርስ ቀሚሴ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጎትቼ ቀደድኩት። በሌላ ጊዜ ሁለቱን ግንዶች የምሻገረው ሰው ሳይክሏን ይዞልኝ ነው። ያን ቀን ሰው የለም። መሀል ብረቷን ትከሻዬ ላይ አደረግኩና እግሬን በሁለቱም ግንድ ላይ አንፈራጥጬ ተራመድኩ። ከሥሬ ቀይ ውሃ ይሮጣል። ውሃውን ሳይ አዞረኝ፤ ስለዚህ የማዶውን አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ እያየሁ ሄድኩ። ፔዳሉ በየእርምጃው ጀርባዬን ይመታኛል።

ከዚያ ዳገቱ። መንዳት ሲያቅተኝ እየወረድኩ ገፋሁ፣ መግፋት ሲያቅተኝ ቆሜ ተነፈስኩ፤ ደግሞ ወርቅነሽ ትታየኝና ተነሳሁ። አስፓልቱ ላይ ስወጣ እግሬ የኔ አልነበረም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ዱላቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ካርድ አውጥተሻል?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«አምቡላንስ።»

«ላልታመመ ሰው?»

ነገርኳቸው። እንዴት እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ብቻ ዱላቸውን ጥለው፣ «ሾፌሩ ቁርስ ቤት ነው፣ ያቻትና ሰማያዊዋ በር» አሉኝ።

ሾፌሩ ፉል ሊበላ ዳቦ ቆርሶ ይዟል። ጸጉሩ ሸበት ያለ ትልቅ ሰው ነው። ሰላምታ ሳልሰጥ ጀመርኩ።

«ድልድዩ ተሰብሯል አይደል እንዴ?» አለኝ።

«እስከ ድልድዩ ብቻ። እነሱ ያሻግሯታል።»

«ጭቃው ይይዘኛል፣ እህቴ።»

«ከያዘህ እገፋለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። የተቀደደ ቀሚስ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ። ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «ሲስተርን ጥሪያት፣ ከግራ ሁለተኛው ክፍል። እኔ መኪናውን አስነሳለሁ።»

ሲስተር ያላት አዋላጅ ጓንቷን ኪሷ ውስጥ እየከተተች ወጣች። መኪናው ውስጥ ትጠይቀኝ ጀመር። መቼ ጀመራት? ስንተኛ ልጇ ነው? የእንሽርት ውሃ ፈሷል? ደም አለ? ከደሙ በቀር አንዱንም አላውቅም። ያን ሁሉ መንገድ ከጎኗ ስሄድ እኔ ምን ነበር የጠየቅኩት? የት ልትወስዷት ነው ብቻ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ማዶው ባዶ ነበር።

ሾፌሩ መኪናውን ወደ መጣንበት አዙሮ አቆመው፣ በሩን ከፈተው፣ ወረደ። አዋላጇ የወንዙ ዳር ቆመች። ውሃው ብቻ ነው የሚያወራው። ሌላ መንገድ ሄደው ይሆን? ቃሬዛው ወድቆ ይሆን? ወይስ መቸኮል የማያስፈልግ ሆኖ ይሆን? ይህን የመጨረሻውን ሳስብ ዳሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሾፌሩ ሲጋራ አውጥቶ አዋላጇን አያትና መልሶ ከተተው። «ምን ያህል ቀደምሻቸው?» አለኝ።

«ገና መጀመሪያ ላይ ነው ያገኘኋቸው» አልኩ። አብሬያቸው የሄድኩትን አልነገርኩትም።

መጀመሪያ የጋሽ ሄራሞ ድምፅ ተሰማ፤ «ቀስ፣ ቀስ» የሚለው። ከዚያ ቃሬዛው ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በግንዶቹ ላይ ቃሬዛ የተሸከመ አራት ሰው አይሄድም። ስለዚህ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገቡ። ውሃው ወገባቸው ደረሰ። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አነሱት፤ እዚያ ላይ ወርቅነሽ ሰማይ ሰማይ እያየች በወንዙ ላይ ስታልፍ አየኋት። ያ ሲያሾፍብኝ የነበረው ጎረምሳ መሀል ላይ ተንሸራቶ ውሃው እስከ አፉ ደረሰበት፤ እጁ ግን አልወረደም።

አዋላጇ መኪናው ውስጥ ሆና ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ መልሳ ሸፈነች። «ሆሳዕና። ሆስፒታል። አሁን» አለች። ደሳለኝ ከኋላ ገባ። በሩ ተዘጋ። ሄዱ።

እኛ እዚያው ቀረን፣ ርጥብ ሆነን። ጋሽ ሄራሞ ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን ደፉት። «ምን ነካን?» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ምን ነካን እኛን?»

ጤና ጣቢያ በእግሬ ተመልሼ ሳይክሌን ወሰድኩ። ሱቅ ስደርስ ጋሽ ከድር ራሳቸው ከፍተው፣ ኮፒ ማሽኑ አልነሳ ብሏቸው ይታገላሉ።

«የኔ እመቤት፣ ዛሬ አንቺን ሆኜ ልሠራልሽ ነው?» ብለው ቀና ሲሉ አዩኝ። ድምፃቸው ተቀየረ። «ምን ሆነሻል?»

ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ሱቁ የትም አይሄድም። ሂጂና ያለችበትን እይ። ሳታዪ ከዋልሽ ዛሬ የምትሠሪው ሁሉ ስህተት ነው።»

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ደሳለኝ ሣር ላይ ተቀምጧል። ልብሱ ላዩ ላይ እየደረቀ ነው። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረና ተወው።

«ወርቄ አለች» አለኝ። «ቀዶ ጥገና አድርገው አወጧት። አለች።»

ቀጥሎ የሚለውን ጠበቅኩ።

«ወንድ ነበር» አለ።

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አዋላጇን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። አብራ መጥታ ገና አልሄደችም ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ለሷ ነገርኳት፤ ከቃሬዛው ጎን በእግሬ የሄድኩትን። «ያኔውኑ ብነዳ ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር?» አልኳት። ኧረ በጭራሽ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ይል ነበር።

«አላውቅም» አለችኝ። «ከሌሊቱ ጀምሮ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ይሄን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ የሚልሽንም አትመኚ። ስለ እናቲቱ ግን ልንገርሽ። አስፓልት ወጥተው መኪና ሲጠብቁ ቢሆን ኖሮ አሁን እሷም አትኖርም ነበር።»

ወርቅነሽን ያየኋት ከቀናት በኋላ፣ ተቀምጣ መብላት ስትጀምር ነው። ፊቷ ወረቀት ሆኗል። ምን እንደምላት አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

«የሳይክሏ ልጅ» አለችኝ። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ።

«ድምፁን መጀመሪያ ስሰማው ደስ አለኝ፣ ታውቂያለሽ? የሚሮጥ ነገር መጣ አልኩ፣ አሁን ይሄዳል አልኩ። ከዚያ አልሄደም። እዚያው ጆሮዬ ሥር ቅ ቅ ይላል። የምናገርበት አቅም እስካገኝ ጠበቅኩ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ እጄን ያዘችኝ።

«አልተቀየምኩሽም። እኔም ብሆን እወርድ ነበር» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ጊዜ ያሰብኩት በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም በዚያ መንገድ ላይ። ሰነፍም አልነበረም። ደሳለኝ ትከሻው ደም እስኪቋጥር ተሸክሟል፤ እነዚያ ወንዶች ወንዝ ውስጥ በልብሳቸው ገብተዋል። ሁላችንም ማድረግ የሚገባንን ስናደርግ ነበር። ስናድግ ያየነው በሽተኛን አለማለፍን ነው፤ አብሮ በመሄድና በመርዳት መሀል ልዩነት ሊኖር ይችላል ብለን ግን አንድም ቀን አስበን አናውቅም። ያን የለየችው ከመሀላችን አንዲት መራመድ የማትችል ሴት ናት።

በዕድሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ሄራሞ ነገሩን አነሱት። ከእንግዲህ በሳይክልም በሞተርም የሚሄድ ሰው ለበሽተኛ አይውረድ፣ ይጠይቅና ይቅደም አሉ። የተስማማ አለ። አንድ አዛውንት ግን ተነስተው፣ «በሽተኛ ጥሎ የሚሮጥ ትውልድ ልታሳድጉ ነው?» አሉ። ክርክሩ አላለቀም። እኔ በሁለቱም አልፈርድም። እኚያ አዛውንት የፈሩት ነገር እውነት ነው፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣትም ሞት ነው። ለቀብር ዛሬም እወርዳለሁ፤ የሞተ ሰው የሚፈልገው አጃቢ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ወንዙ ጋ ሳልደርስ ደግሞ ቃሬዛ አገኘሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ከሌላ ቀበሌ። አልወረድኩም። ጎናቸው ደርሼ ቀስ አደረግኩና፣ «ወዴት ነው? ምን ልጥራላችሁ?» አልኩ። ከፊት የተሸከመው ሰውዬ ለአፍታ ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ ገባው። «ጤና ጣቢያ፣ አባቴ ናቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል» አለ። ሳይክሌን ወደ መጣሁበት አዞርኩ። ከኋላቸው የሚከተሉ አንድ አዛውንት አልሰሙንም፤ ያዩት ቁጭ ብዬ ሳልፍ ብቻ ነው።

«አሳዳጊ የበደላት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ዞሬ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ዳገቱ ግን ጀምሯል፤ ትንፋሼ ለአንድ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው።